ወላጅን ነርሲንግ ሆም ማስገባት፦ ከምርጫው እስከ ዕለት ኑሮው፣ በአሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ቀዶ ጥገናው ደህና አልፏል፣ አሁን ግን የሆስፒታሉ ኬዝ ማናጀር «ነገ ይወጣሉ፤ ከዚህ ዝርዝር አንድ ነርሲንግ ሆም መርጣችሁ እስከ ማታ አሳውቁን» ትላለች። ዝርዝሩ ላይ አሥራ አምስት ስም አለ። አንዱ ልጅ ሥራ ላይ ነው፣ አንዷ ሌላ ስቴት ናት፣ እናት ደግሞ «ቤቴ ውሰዱኝ» ብቻ ነው የሚሉት። በዚህ ጥድፊያ የሚመረጠው ለቤት የሚቀርበው ወይም ባዶ አልጋ ያለው ይሆናል። ስለዚህ ከታች ያለውን ወላጆቻችሁ ገና በእግራቸው እየሄዱ ሳሉ አንብቡት።

ምሳሌዎቹ በብዛት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተወሰዱ ናቸው፤ የፌደራሉ ሕግ ግን የትም ስቴት ያው ነው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ ነርሲንግ ሆም በቀን በሦስት ፈረቃ ይሠራል። ጠዋት የነገራችኋት ነርስ ማታ የለችም፤ ቅዳሜ የምትመጣዋ ደግሞ ከኤጀንሲ የተላከች፣ እናታችሁን አይታ የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። በቃል የተነገረ ነገር ፈረቃ አይሻገርም። ስማቸው፣ ጾማቸው፣ ማተባቸው፣ ሕመማቸውን የሚናገሩበት መንገድ ሁሉ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

ይሉኝታው

ሀገር ቤት የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ቶሎ የሚታወሰን መቄዶንያ ነው፤ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሰዎች ከጎዳና ተነሥተው የሚጦሩበት። ስለዚህ «ነርሲንግ ሆም ገቡ» ሲባል ሰሚው የሚሰማው «ልጆቻቸው ጣሏቸው» የሚል ነው፤ ወላጅም የሚሰማቸው እንደዚያው ነው። ይህን ፍርሃት ዝም ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ወላጁን «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ብሎ አታልሎ ማስገባት ደግሞ ይብሳል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ በልጆቻቸው ላይ ያላቸው እምነት አብሮ ይሄዳል። ልባቸው የሚያምነውን ሰው፣ የንስሐ አባታቸውን ወይም ታላቅ ወንድማቸውን፣ ይዛችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። መግባታቸውን የሚቃወመው ዘመድ የትኛውን ሌሊት መጥቶ እንደሚያድር በግልጽ ጠይቁት። እውነት የሚያድር ከሆነ ምናልባት ነርሲንግ ሆም ገና አያስፈልግ ይሆናል።

1. የሚያስፈልገውን እርዳታ አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፉ

ደብተር ያዙና ስድስቱን ነገሮች በየቀኑ መዝግቡ፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መነሣት፣ ሽንትና ዓይነ ምድር መቆጣጠር፣ መብላት። ከእያንዳንዱ ጎን «ራሳቸው»፣ «በአንድ ሰው እርዳታ»፣ «በሁለት ሰው» ብላችሁ ጻፉ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ መቼና የት እንደወደቁ፣ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ምድጃ ሳያጠፉ ወይም ከቤት ወጥተው መንገድ ጠፍቷቸው ያውቁ እንደሆነ ጨምሩ። ቤተሰብ ከልማድ ብዛት የራሱን ድካም አያየውም፤ «ደህና ናቸው» የተባሉት እናት ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሡና ለመነሣት ሁለት ሰው የሚፈልጉ ሆነው ይገኛሉ። ይህ ደብተር በኋላ ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የሕክምና መድን) ግምገማም ያገለግላል። ገምጋሚዋ ስትመጣ ግን ብዙ እናቶች ቀሚሳቸውን ቀይረው፣ ቀና ብለው «ሁሉን ራሴ ነው የማደርገው» ይላሉ፤ እንግዳ ፊት መዋረድ ስለማይፈልጉ ነው። ደብተሩን በዚያ ጊዜ አውጡት።

2. የትኛው ዓይነት ቤት?

አሲስትድ ሊቪንግ የራስ ክፍል ያለው፣ ምግብ፣ ጽዳት፣ መድኃኒት ማስታወስና በመታጠብ መረዳት የሚሰጥበት ነው፤ የሚቆጣጠረው ስቴቱ ነው። ሜመሪ ኬር የመርሳት በሽታ ላለባቸው በሩ የሚቆለፍ ክፍል ነው። ነርሲንግ ሆም ነርስ 24 ሰዓት የሚገኝበት ነው፤ ቁስል የሚታከምላቸው፣ በቱቦ የሚመገቡ፣ ለመነሣት ሁለት ሰው የሚፈልጉ እዚያ ይገባሉ። ከነዚህ በፊት ደግሞ አዳልት ደይ ኬር አለ፤ ጠዋት ወስዶ ከሰዓት በኋላ የሚመልስ። የቀን ሥራ ላላቸው ልጆች ይህና ማታ የሚመጣ ሆም ኬር ተደምረው ነርሲንግ ሆምን ለዓመታት ሊያዘገዩ ይችላሉ።

3. ማን ይከፍላል?

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ጄንዎርዝና እህት ድርጅቱ ኬርስካውት በ2024 ባወጡት የዋጋ ጥናት መሠረት የአሲስትድ ሊቪንግ አማካይ ዋጋ በዓመት 70,800 ዶላር፣ በነርሲንግ ሆም ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ 111,325 ዶላር፣ የግል ክፍል 127,750 ዶላር ነበር።

ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት የሕክምና መድን፣ የረጅም ጊዜ መጦሪያ አይከፍልም። የሚከፍለው ከሆስፒታል በኋላ ለሚደረግ ማገገሚያ ነው፤ በአንድ የጥቅም ዘመን (ሆስፒታል ከገቡበት ቀን በሚጀምር የሽፋን ጊዜ) እስከ 100 ቀን። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን በየቀኑ የራስ ድርሻ አለ፣ በ2025 209.50 ዶላር ነበር። ይህንን ለማግኘት በመደበኛው ሜዲኬር በሆስፒታሉ ለተከታታይ ሦስት ቀን «ኢንፔሸንት» (በይፋ የተኛ ታካሚ) ሆኖ መተኛት ያስፈልጋል፤ የሚወጡበት ቀን አይቆጠርም። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ ሆስፒታሉ አልጋ ሰጥቶ፣ ግሉኮስ ሰክቶ፣ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ የቆየ) ብሎ ሊመዘግባቸው ይችላል። ያ ቀን አይቆጠርም። ስለዚህ በገቡበት በመጀመሪያው ቀን «ኢንፔሸንት ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኦብዘርቬሽን ከሆኑ የቤተሰብ ሐኪሙ ለሆስፒታሉ ሐኪም እንዲደውል አድርጉ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል የኢንሹራንስ ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ላላቸው ደግሞ ሕጉ ይለያል፤ ብዙዎቹ የሦስቱን ቀን ግዴታ ያነሣሉ፣ ግን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ኬዝ ማናጀሯ «ነገ ይወጣሉ» ስትል ቶሎ ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ «ኢምፖርታንት ሜሴጅ ፍሮም ሜዲኬር» የሚባለው ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር በመውጫው ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ደውላችሁ ይግባኝ በሉ። ጉዳዩ እስኪታይ አያስወጧቸውም። በነርሲንግ ሆምም «ማገገሚያው አበቃ» የሚል ወረቀት ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይሰጣል፤ እዚያ ያለው ይግባኝ ግን ክፍያው ከሚቆምበት ቀን በፊት ባለው ቀን እስከ ቀትር ነው። ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን ማታ ከሥራ በኋላ ሲያነብ ሰዓቱ አልፏል።

«እኔ ሃያ ዓመት ታክስ ከፍያለሁ፣ ለእናቴ ሜዲኬር ይገባታል» የሚል ሐሳብ በሰፊው አለ። በሕይወት ያለ ልጅ ሥራ ለወላጅ አይቆጠርም። የሚቆጠረው የራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ገደማ ሥራ ነው። በልጃቸው አማካይነት ግሪን ካርድ አግኝተው የመጡ ወላጆች 65 ዓመት ሞልቷቸው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ ሜዲኬርን በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ይችላሉ።

የረጅም ጊዜ ነርሲንግ ሆም የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ ገቢና ንብረት ዝቅተኛ ለሆነ። ላላገባ ሰው የሚፈቀደው ቁጠባ በቨርጂኒያ 2,000፣ በሜሪላንድ 2,500፣ በዲሲ 4,000 ዶላር ነው። አመልካቹ ባለፉት 60 ወራት ለልጅ የሰጠው ገንዘብ ወይም ቤት ይመረመራል፣ ቅጣትም አለው። አዲስ አበባ ያለ ቤትና የባንክ ሒሳብም ማመልከቻው ላይ ይጻፋል፤ «ሀገር ቤት ያለው አይታይም» ብሎ መደበቅ ትልቅ አደጋ ነው። ግሪን ካርድ ያላቸው በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ስደተኛ ወይም ጥገኝነት ያገኙ ሆነው ገና ግሪን ካርድ ያልወሰዱ ደግሞ በ2025 በወጣው ሕግ ምክንያት ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ የፌደራሉን ሜዲኬይድ ያጣሉ፤ ግሪን ካርዱን አታዘግዩ። ለዚህ ክፍል የኤልደር ሎው (የአረጋውያን ጉዳይ ሕግ) ጠበቃ አንድ ሰዓት መግዛት ገንዘቡ የማይቆጭ ነው።

ሜዲኬይድ በቤት ለመጦርም ይከፍላል። በዲሲ ኢፒዲ ዌቨር፣ በቨርጂኒያ ሲሲሲ ፕላስ ዌቨር፣ በሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኦፕሽንስ ዌቨር ይባላል። ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ቀድማችሁ ስም አስመዝግቡ።

4. አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ የሚፈረሙ ወረቀቶች

የገንዘብ ውክልና፣ የሕክምና ውክልና፣ የሕክምና መረጃ ለልጆች እንዲሰጥ የሚፈቅድ ፊርማ። የመርሳት በሽታው ከጠና በኋላ ውክልና መፈረም አይቻልም፤ ቀሪው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ነው፣ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይወስዳል። ፊርማው ሲፈጸም ልጅ ሳይሆን ገለልተኛ አስተርጓሚ ይገኝ፤ በኋላ በወንድማማች መካከል ጥያቄ ቢነሣ ይህ ያድናል።

በፓስፖርት፣ በግሪን ካርድና በሜዲኬር ካርድ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አሁኑኑ አመሳክሩ። የአባት ስም አንዱ ላይ መጠሪያ፣ ሌላው ላይ የመካከል ስም ሆኖ፣ «ተ» በአንዱ በአንድ፣ በሌላው በሁለት ፊደል ተጽፎ ማመልከቻ ለወራት የቆመባቸው ብዙ ናቸው። ዜግነት ያልወሰዱ ከሆነና በሕመም ምክንያት እንግሊዝኛም የዜግነት ፈተናም መማር ካልቻሉ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ፎርም አለ።

5. ከመጎብኘት በፊት ማንበብ

የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ «ኬር ኮምፔር» በሚለው ስር ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ማንኛውም ነርሲንግ ሆም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ተሰጥቶት ይገኛል። ጠቅላላውን ኮከብ አልፋችሁ ሦስቱን ለየብቻ እዩ። የሕክምና ጥራቱ ኮከብ በአብዛኛው ተቋሙ ራሱ በሚያቀርበው መረጃ ላይ ስለሚቆም ብዙ አትመኑት። ምርመራው ደግሞ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በአካል ገብተው ያዩት ነው፤ ይበልጣል። ከዚያ የሠራተኛ ቁጥር፦ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሰዓት ነርስ እንደሚደርሰው፣ የቅዳሜና እሑዱ ለብቻ፣ በዓመት ስንት በመቶ ሠራተኛ እንደሚለቅ። ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ የሚለቅበት ቤት ውስጥ የእናታችሁን ልማድ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ቀጥሎ የምርመራ ሪፖርቱን፣ ቅጽ ሲኤምኤስ 2567ን አንብቡ። ነርሲንግ ሆሞች ለማንም እንዲታይ ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ እንግዳ መቀበያው አጠገብ በፋይል ይገኛል። ጥፋት የሌለበት ቤት የለም። ከአንድ ትልቅ ጥፋት ይልቅ ያው ጥፋት በተከታታይ ዓመታት ሲደገም ያሳስባችሁ፤ የአልጋ ቁስል፣ መውደቅ፣ የመድኃኒት ስሕተት። አሲስትድ ሊቪንግ በዚህ ገጽ ላይ የለም፤ ሪፖርቱ ከስቴቱ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ይጠየቃል።

6. ሁለት ጊዜ ጎብኙ፣ አንዱን ሳትናገሩ

የመጀመሪያውን በቀጠሮ። ሁለተኛውን ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል (በፈረንጁ 5:30) ገደማ፣ እራት ሲቀርብ ሂዱ። የመግቢያው አዳራሽ አበባና ፒያኖ ምንም አይነግራችሁም። ወደ ኮሪደሩ ግቡና ከበሩ በላይ የበራውን የጥሪ መብራት ፈልጉ፤ ሰዓታችሁን አይታችሁ እስኪጠፋ ቁጠሩ። አሥር ደቂቃ ካለፈ፣ እናታችሁ ሽንት ቤት ፈልገው ያን ያህል ይጠብቃሉ ማለት ነው፤ የማይጠብቁት ደግሞ ብቻቸውን ተነሥተው ይወድቃሉ። የውሃው ብርጭቆ እጃቸው በሚደርስበት ነው? ምግብ ማጉረስ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ፊት ሳሕኑ እየቀዘቀዘ ነው? ሠራተኛዋ ተቀምጣ ነው የምታጎርሰው ወይስ ቆማ ከሌላው ጋር እያወራች?

ከዚያ አንዷን ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) «ዛሬ ስንት ሰው ይዘሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። የቢሮውን መልስ ከእሷ መልስ ጋር አስተያዩ። በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ ሲኤንኤዎችና ነርሶች የኛ ሰዎች ስለሆኑ እውነቱን በአማርኛ ማግኘት አይከብድም። ይህ ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ «አማርኛ የምትናገር ልጅ አለች» ብላችሁ ብቻ አትምረጡ። እሷ ፈረቃ ትቀይራለች፣ ትለቃለች፣ የሌላ ፎቅ ናት። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ «በስልክ አስተርጓሚ ለአማርኛ ሌሊትም ታገኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና ስልኩን እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። የአልጋው ጎን የማይደርስ ገመድ ያለው ስልክ ከሆነ አይጠቀሙበትም።

7. ከመፈረም በፊት

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። በነርሲንግ ሆም ውል ላይ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) የሚል ቦታ አለ። የ1987ቱ የፌደራል ሕግ ነርሲንግ ሆም ለመግባት የሌላ ሰው ዋስትና መጠየቅን ይከለክላል፤ ሆኖም ልጁ ዝም ብሎ ከፈረመ በኋላ በግሉ ሊከሰስ ይችላል። የምትፈርሙ ከሆነ የእናታችሁን ስም ጻፉ፣ ከሥሩ «በወኪልነት» ብላችሁ የራሳችሁን። የግልግል ዳኝነት ስምምነት፣ «አርቢትሬሽን» የሚለው፣ ለመግባት ግዴታ ሊሆን አይችልም፤ አለመፈረም ይቻላል፣ ከፈረማችሁም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ።

አሲስትድ ሊቪንግ ላይ እነዚህ የፌደራል መከላከያዎች የሉም፤ ስለዚህ የበለጠ ተጠንቀቁ። የሚነገረው ዋጋ የክፍሉ ብቻ ነው። የእንክብካቤ ደረጃ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ዳይፐር፣ አንዴ የሚከፈል መግቢያ ለየብቻ ይመጣሉ። ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ይሰጥባቸው፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ኪራዩ በየዓመቱ ስንት ጨመረ? ደረጃው ሲጨምር ማን ይወስናል? በምን ሁኔታ «አንችልም፣ ውሰዷቸው» ትላላችሁ? ገንዘባቸው ሲያልቅ ሜዲኬይድ ይቀበሉ እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይቀበሉም።

8. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በ48 ሰዓት ውስጥ መነሻ የእንክብካቤ ዕቅድ፣ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ፣ ከግምገማው በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ ሙሉው ኬር ፕላን መዘጋጀት አለበት። ከዚያ በየሦስት ወሩ ይታያል። ስብሰባው ላይ መገኘት መብታችሁ ነው፤ በስልክም ይቻላል።

ከግምገማው ውስጥ አንዱ ቢምስ የሚባል የማስታወስ ጥያቄ ነው፤ 15 ነጥብ አለው። ሦስት ቃላት ያስደግሟቸዋል፦ ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ። ከዚያ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ዕለቱን ይጠይቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ቃላቱን መልሰው ይጠይቃሉ። ዓመቱ ብቻ ሦስት ነጥብ ነው፣ ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ዜሮ ያገኛል። የኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ፣ ዓመተ ምሕረቱን በትክክል የተናገሩ እናት ሦስቱንም ያጣሉ። ሌላውን ሁሉ ቢመልሱ 12 ይሆናል፤ ከ13 በታች ደግሞ «መጠነኛ የአእምሮ ድክመት» ተብሎ ይመዘገባል። ጥያቄው በአስተርጓሚ እንዲጠየቅና በኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሰው እንደሆነ እንዲጣራ ከግምገማው በፊት ለሶሻል ወርከሯ በጽሑፍ ስጡ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ ሕመሙ «ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረኝ» ሲሉ በፈረንጁ ጠዋት ስምንት ማለታቸው ነው፤ ነርሷ የምትጽፈው ግን ሁለት ነው።

አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አዘጋጁ፤ አንዱ ከአልጋው በላይ ይለጠፍ፣ አንዱ ከፋይላቸው ይግባ። እነዚህ ይኑሩበት፦

የሚጠሩበት ስም። በአባታቸው ስም «ሚስስ» ብለው ሲጠሯቸው ዞር አይሉም፣ ከዚያ «አይሰሙም» ይባላል። «እማማ» ብለው ስማቸውን እንዲጨምሩ ጻፉ፣ አነባበቡንም።

«አዎ» የሚሉበት መንገድ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ለኛ «አዎ» ነው፤ ለማያውቅ ሠራተኛ ግን ትንፋሽ ያጠራቸው ይመስላል።

ሕመም። ሕመማቸውን ከአንድ እስከ አሥር በቁጥር እንዲገልጹ ሲጠየቁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳቸው። ፊት ሲያኮማትሩ፣ ምግብ ሲገፉ፣ ዝም ሲሉ ሕመም መሆኑን ጻፉ። «የት ነው የሚያምዎት?» የሚለውን በአማርኛ አነባበብ አስፍሩ።

ማተብና ሻሽ። ሲታጠቡ ማተቡ እንዳይቆረጥ በግልጽ ይጻፍ። ሠራተኞቹ «ማተቡ ያንቃቸዋል» ብለው ከሠጉ አጠር ተደርጎ ይታሰር ወይም በእጅ ይሁን፤ ውሳኔው ግን የእሳቸው ነው።

ገላ የሚያጥባቸው። ሴት ብቻ ከሆነ «ሴት ሲኤንኤ ብቻ» ተብሎ ኬር ፕላኑ ላይ ይግባ።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የመስሚያ መሣሪያ ፎቶ ተነሥተው የንብረት መመዝገቢያው ላይ ይጻፉ፤ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ልብስ ሁሉ ላይ ስም ይጻፍ። ጥበብ ቀሚስና ነጠላ ወደ ጋራ ማጠቢያ እንዳይሄድ «ልብሱን ቤተሰብ ያጥባል» የሚል ወረቀት ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፉ። ወርቁን ወደ ቤት ውሰዱ።

9. እንጀራው፣ ጾሙና ቡናው

ከውጭ ምግብ ማምጣት ይፈቀዳል፤ ስምና ቀን ተጽፎበት ፍሪጅ ይገባል፣ ብዙ ቦታ ከሦስት ቀን በኋላ ይጣላል። መጀመሪያ ግን ስለ መዋጥ ጠይቁ። ስትሮክ ወይም የጠና የመርሳት በሽታ ያለባቸው ምግብ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። ስፒች ቴራፒስቷ (የንግግርና የመዋጥ ባለሙያዋ) የምትፈትነው በብስኩትና በፑዲንግ ነው፤ እናንተ እንጀራና ወጥ ይዛችሁ ሂዱና በእሱ እንድትፈትን ጠይቁ። በወጥ የራሰ ለስላሳ እንጀራ አልፎ ደረቁ ሊከለከል ይችላል። ቆሎና ፈንዲሻ ለነዚህ ሰዎች አደገኛ ናቸው። ጉርሻም ትንሽ ይሁን፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አንዱ ተውጦ አፍ ባዶ መሆኑ ታይቶ ሌላው፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ እንደተቀመጡ። መጠጥ ወፈር ተደርጎ እንዲሰጣቸው ከታዘዘ ቡናውም ጸበሉም በዚያው ይካተታሉ።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጾም ሲገባ ጎመኑ እንዳይበዛ። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል፤ ሳምንት ለሳምንት መጠኑ እኩል ይሁን፣ ጾም መግባቱንም ነርሷ ትወቅ። ስኳር ያለባቸው እስከ ቀትር ጾመው ጠዋት ኢንሱሊን ከተወጉ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። በሽተኛ ከጾም እንደሚፈታ ልጆች ቢናገሩ አይሰሙም፤ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው በስልክ ይንገሯቸው። ሥጋና ወተት ሳይነኩ ብቻ መጾም ከፈለጉ ግን ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከቀናቸው ጋር ለዳየቲሽያኗ (የምግብ ባለሙያዋ) ይሰጡ፤ በቂ ፕሮቲን እንዲያገኙ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቶፉ ታቅዳለች። ሙስሊም ወላጆች ከሆኑ የረመዳንና የሐላል ጉዳይ በዚያው መልክ ይጻፍ።

ከሰል፣ ዕጣንና ጧፍ አይቻልም፤ ኦክሲጅን ባለበት ፎቅ ነውና። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ውሰዱ፣ ስኒውንና ረከቦቱን አትርሱ። የስኒው ድምፅ ብቻ የሚያነቃቸው አሉ።

10. ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ

የጉብኝት ተራ አውጡ፤ ሰዓቱ ግን ይለያይ። ሁልጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚመጣ ቤተሰብ የሚያየው የእሑድን ቀትር ብቻ ነው።

በሳምንት አንዴ ካልሲ አውልቃችሁ ተረከዛቸውን፣ ነርሷ ባለችበት ደግሞ ጅራተ አጥንታቸውን እዩ። የአልጋ ቁስል ሲጀምር መማሪያዎቹ «ይቀላል» ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቅላት አይታይም። ከዙሪያው ይበልጥ የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ወይም የጠነከረ ቦታ ካገኛችሁ በዚያው ቀን አስመዝግቡ። ክብደታቸውን በወር አንዴ ጠይቁ፤ በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ከቀነሱ ሐኪም ማየት አለበት። ድንገት በሁለት ቀን ውስጥ መቀባዠር ከጀመሩ «መርሳቱ ጠና» አትበሉ፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለማረጋጋት የሥነ አእምሮ መድኃኒት ሲታዘዝ ጠይቁ፤ የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ሞትን እንደሚጨምር ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ዓይነት አለ።

የመርሳት በሽታው ሲገፋ በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። «አይተባበሩም» የሚል ማስታወሻ ስታዩ መጀመሪያ የጠየቃቸው ሰው በምን ቋንቋ እንደጠየቀ አጣሩ።

ለሲኤንኤዋ ገንዘብ አትስጡ፤ ሥራዋን ሊያሳጣት ይችላል። በስሟ ለኃላፊዋ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉላት፣ ፋይሏ ውስጥ ይገባል።

ቅሬታ ሲኖር ቀን፣ ሰዓትና የሠራተኛ ስም ጽፋችሁ መጀመሪያ ለፈረቃው ነርስ፣ ቀጥሎ ለነርሶቹ ኃላፊ፣ ከዚያ በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚው አቅርቡ። ካልተፈታ እያንዳንዱ ስቴት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኦምቡድስማን አለው፤ እንባ ጠባቂ ነው፣ ነፃ ነው፣ ያለ እናታችሁ ፈቃድ ስማቸውን አያወጣም። ኤልደርኬር ሎኬተር በሚባለው የስልክ መስመር በ1-800-677-1116 ያገናኟችኋል። «ቅሬታ ካቀረብን ይበቀሏቸዋል» ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው፤ አዘውትሮ የሚጠይቅ ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ግን በተግባር የተሻለ ይያዛሉ።

11. ከመምጣቱ በፊት የሚጻፈው

ሌሊት ቢያርፉ መጀመሪያ ማን ይደወልለት? ካህኑ ወይም ኢማሙ እስኪመጡ አስከሬኑ ስንት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆያል? ማን ያጥባል፣ የትኛው የቀብር ድርጅት ይወስዳል፣ እዚህ ነው ወይስ ሀገር ቤት? እድሩ ማንን ያነጋግራል? ይህን ሁሉ ሶሻል ወርከሯ ጋ በአንድ ገጽ አስቀምጡ፤ ሙስሊም ቤተሰቦች ቀብሩ እንዳይዘገይ በተለይ። ገጹ ከሌለ የሌሊቱ ነርስ ፋይሉ ላይ ወዳገኘችው ቀብር ድርጅት ትደውላለች፣ ልጆቹም ሲደርሱ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃቸዋል።